የአበልጁን ኳስ የቀማው አምስት ቁጥር

በከተማችን በፔድራ ፉንዳ የእግር ኳስ ቡድናችን የኡኒያዎ አሰልጣኝ ሲባረር «ማን ይተካዋል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው የለም። ለጊዜው የሚተካውን ዳቦ ቤት ተሰልፈው የቆሙ አሮጊቶች ሳይቀሩ ያውቁታል። አዴሚልሶን ነው። ሰው የሚጠይቀው «እሱንስ እስከ መቼ ያስቀምጡታል?» ብሎ ነው።

በእኛ አገር አሰልጣኝ ሻንጣውን ፈትቶ አይጨርስም። በተከታታይ ጥቂት ጨዋታ ከተሸነፈ የክለቡ ፕሬዚዳንት ሬዲዮ ላይ ወጥተው «በስምምነት ተለያይተናል» ይላሉ። ሰውዬውም ይዟቸው የመጣውን ምክትሉን፣ የአካል ብቃት አሠሪውንና የበረኞች አሰልጣኙን በአንድ መኪና አጭቆ ይሄዳል። አዲሱ ከነጭፍራው እስኪመጣ ልምምድ የሚያሠራ፣ አሰላለፍ የሚያወጣ የቤት ሰው መኖር አለበት። እሱን ጊዜያዊ ይሉታል። ጊዜያዊው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ያሸንፋል። ተጫዋቾቹ ስለሚያዝኑለት ነው የሚሉ አሉ። ያሸንፍና፣ አዲሱ ሰውዬ ጥቁር መነጽሩን ሰክቶ ሲደርስ ወንበሩን ለቆ ኮን መደርደሩን ይቀጥላል።

አዴሚልሶን እንዲህ እየተሾመ እየተሻረ ፀጉሩ ሸበተ። ተጫዋቾቹ በተሾመበት ሰሞን እንደ አገሩ ልማድ «ፕሮፌሰር» ይሉታል፤ በተሻረ ማግስት «አዴሚልሶን፣ ውኃ የለም እንዴ?» ነው። ሚስቱ ኢቮኔቺ «ባሌ ሹመትን እንደ ሻይ ነው የሚቀምሳት፤ ስኳሩ ሳይሟሟ ይነጥቁታል» ትላለች። ይህን ስትል ትስቃለች። እሱ ግን አይስቅም።

የነገሩ ሥር ያለው ሊንዶማር ጋ ነው። ሁለቱ ያደጉት ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ አንድ አጥር በሚለያቸው ቤቶች ውስጥ ነው። የኡኒያዎ ታዳጊ ቡድን አንድ ላይ ወሰዳቸውና ለአዴሚልሶን አምስት ቁጥር፣ ለሊንዶማር አስር ቁጥር ማልያ ሰጣቸው። እንግዲህ አምስት ቁጥር ኳስ ይቀማል፣ አስር ቁጥር ይጫወትባታል። አዴሚልሶን ከባላጋራ እግር ሥር ኳሷን አውጥቶ ቀና ይላል፤ ሊንዶማርን ይፈልጋል፤ ይሰጠዋል። ከዚያ ሊንዶማር አብዶውን ይሠራል፣ ተመልካቹ ከመቀመጫው ይነሣል፣ የሬዲዮው ሰውዬ «ሊንዶማር! ሊንዶማር! ሊንዶማር!» ብሎ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ይጮኻል። ኳሷ ከየት መጣች? ከሰማይ ወረደች።

የአዴሚልሶን እናት ዶና ዙልሚራ ሜዳ አትሄድም ነበር፤ ጨዋታውን የምትከታተለው ልብስ እየተኮሰች በሬዲዮ ነው። አንድ እሑድ ልጇ እግሩ ቆሳስሎ፣ ካልሲው ደም ነክቶት ወደ ቤት ሲገባ እያየችው፣ «ልጄ፣ ዛሬ ደግሞ አላጫወቱህም?» አለችው። እሷ በቅንነት ነው። እሱ ግን ይህችን ቃል እስከ ዛሬ ከሆዱ አላወጣትም።

ከዚያ ሊንዶማር ተሸጠ። መጀመሪያ ሳኦ ፓውሎ፣ ቀጥሎ ፖርቱጋል፣ በመጨረሻም ጃፓን። አዴሚልሶንን የጠየቀ ክለብ የለም። አንድ ቀን አንድ ተጫዋች መራጭ ከዋና ከተማ መጥቶ «ያ አምስት ቁጥር ጥሩ ነው» ብሎ ነበር አሉ፤ ግን ሊንዶማርን ሲያይ አምስት ቁጥሩን ረሳው። ጓደኝነታቸው በዚህ አልተበጠሰም፤ እንዲያውም የአዴሚልሶን ልጅ ማሪልዳ ስትወለድ ክርስትና ያነሣት ሊንዶማር ነው። አበልጅ ሆኑ። በአበልጅ መቅናት ደግሞ ኃጢአት ነው፤ አዴሚልሶንም ኃጢአቱን ይዞ በየእሑዱ ቤተ ክርስቲያን ይሄድ ነበር።

ሊንዶማር ለማሪልዳ በየዓመቱ ስጦታ ይልካል። ከሁሉ የምትወደው በፊርማው የላከላትን አስር ቁጥር ማልያ ነው። ለብሳው ትተኛለች፣ ለብሳው ቁርስ ትበላለች። የአባቷ አምስት ቁጥር የት እንደገባ የጠየቀ ሰው የለም፤ ኢቮኔቺ ለወለል መወልወያ እንዳደረገችው ግን ጎረቤት ሁሉ ያውቃል።

«የሌላዋ ባል በሴት ይቀናል» አለችን ኢቮኔቺ አንድ ቀን፣ በር ላይ ተቀምጣ ቦሎቄ እየለቀመች። «የእኔው በኳስ ነው የሚቀናው። ካርኒቫል ላይ ከሊንዶማር ጋር ስጨፍር ሳምባዬን አይቶ ያጨበጨበ ሰውዬ፣ ልጁ ‹ክርስትና አባቴ እኮ› ስትል ጉርሻው ጉሮሮው ላይ ይቆማል።»

ሊንዶማር ከሚጫወትበት አገር ሁሉ ፎቶግራፉ እየመጣ በዳቦ ቤቱ ግድግዳ ይሰቀል ነበር። አዴሚልሶን ግን መጫወት መቼ እንዳቆመ እሱም በጊዜው አላወቀም። አንድ ዝናባማ ረቡዕ ከሰዓት፣ ጭቃ ውስጥ ጉልበቱ ዞረችና በቃሬዛ ወጣ። ድኖ ሲመለስ ፕሬዚዳንታችን ሴኡ አርዤሚሮ ታኬታውን እንዲያጠልቅ አልነገሩትም፤ ፊሽካ ሰጡት። በቃ። አበባ የለ፣ ንግግር የለ፣ ስንብት የለ።

ካቻምና ግን ነገር የተለወጠ መሰለ። አሰልጣኙ ውድድሩ ሳያልቅ ተባረረ፤ አዴሚልሶን ተተካ፤ ቡድኑም እያሸነፈ እያሸነፈ የግዛቱ አንደኛ ምድብ ገባ። መኪና ሁሉ ጡሩንባውን እየነፋ ከተማውን ዞረ። ሴኡ አርዤሚሮ አደባባይ ላይ አቅፈው ሳሙት።

«ልጄ፣ ኮራሁብህ። የወንበሩን ነገር ከበዓሉ በኋላ እንነጋገራለን» አሉት።

«የምን በዓል ነው ሴኡ አርዤሚሮ?»

«የሊንዶማር ስንብት ነዋ! ጫማውን ሊሰቅል ነው፤ የመጨረሻ ጨዋታውን በተነሣበት ሜዳ ላድርግ ብሏል። ግጥሚያውን የምታሰናዳው አንተ ነህ። አበልጅህ አይደል?»

በማግስቱ ፀጉር ቤቱ ወሬውን አደረሰው፤ ሊንዶማር አሰልጣኝ ሊሆን ነው። አዴሚልሶን ሊላጭ ገብቶ ገና ፎጣው አንገቱ ላይ ሳይታሰር ጀመሩት።

«አዴሚልሶን፣ ወንበሩን በደንብ አሞቅኸው?»

«አሞቀው እንጂ! አበልጁን በቀዝቃዛ ወንበር ያስቀምጠው እንዴ!»

«ተዉት ባካችሁ፣ ለለመደው ሰው ነው የምትነግሩት። መዋጡ ነው እንጂ የሚያቅተው፣ መጉረሱንማ ይችልበታል።»

እሱ መስታወቱ ውስጥ አይቶ ፈገግ አለ። ፀጉር ቆራጩ በኋላ እንደነገረን፣ መንጋጋው እንደ ድንጋይ ስለተቆለፈ ለመላጨት አስቸግሮት ነበር።

የስንብት ጨዋታ ደንብ የታወቀ ነው። ባለበዓሉ ያገባል። ተከላካይ መንገድ ይከፍታል፣ በረኛ ወደ ሌላው ጎን ይወድቃል፣ ባለበዓሉ አግብቶ በሰው ትከሻ ሜዳውን ይዞራል፤ ማልያውን አውልቆ ይስማል፣ ያለቅሳል፣ እኛም አብረን እናለቅሳለን። ውሸት ነው የሚል የለም። ሙሽራ ቆንጆ ናት ሲባል ማን ቀና ብሎ ይመረምራል? ይህንንም በተቃራኒው ወገን ለሚሰለፉት የኡኒያዎ ልጆች ያለማመዳቸው አዴሚልሶን ራሱ ነው።

«ፕሮፌሰር፣ ሳይነካኝ ልውደቅ?» አለው አንዱ ተከላካይ።

«ውደቅ።»

«በየትኛው ጎን?»

«በሞኙ ጎን፣ ኳሷ በማትሄድበት። ሰውዬው እንደ ድሮው አይሮጥም፣ ቶሎ አትነሣ።»

ልጆቹ ሳቁ። እሱም በጨዋታቸው መሃል ለጥቂት ጊዜ ቅናቱን ረሳው፤ ሥራው ደስ ይለዋል።

ሊንዶማር ሲመጣ መጀመሪያ የገባው ወደ አበልጁ ቤት ነው። ለኢቮኔቺ ሽቶ፣ ለማሪልዳ ጫማ፣ ለአዴሚልሶን የእጅ ሰዓት ይዞ መጣ።

«አበልጄ! ሸብተሃል እኮ አንተ!»

«አንተስ ወፍረህ የለ?»

«ሆድ እንዳይመስልህ፣ የጃፓን ሩዝ ነው። ሲደርቅ ይጠፋል» አለና ሆዱን መታ መታ አደረገው። ማሪልዳ ከት ብላ ሳቀች። አዴሚልሶን ይህን ሳቅ እሱ አውጥቶት እንደማያውቅ ልብ አለ።

«አንድ ነገር ልለምንህ» አለ ሊንዶማር ቦሎቄና ሩዙን እያጋበሰ። «በሁለተኛው አጋማሽ አንተም ግባ። ፊት ለፊቴ ቁም። ያቺን አብዶ ስሠራ የምትከፍትልኝ አንተ ሁን፤ ሰው ይየን።»

«ጉልበቴ...»

«ለትንሽ ጊዜ ነው። ቆመህ መክፈት ምን ጉልበት ይፈልጋል?»

እሺ አለው። እንግዳው ሲወጣ ኢቮኔቺ ሳህን እያነሣች ባሏን አየችው።

«እሺ ካልክ በኋላ ጥርስህን ምን ያፋጭብሃል?»

«ዕድሜ ልኬን ስሰጠው ኖርኩ። አሁን ደግሞ ቆመህ ክፈትልኝ ይለኛል።»

«ክፈትለት! ሴኡ አርዤሚሮ ቁጭ ብለው ያዩሃል። ወንበሩ የሚሰጠው በዚያ ቀን ነው።»

«ለእሱ ከሰጡትስ?»

«ለእሱ ከሰጡትም ካኮረፈ ምክትል የሳቀ ምክትል ይሻላል። የሰው ወርቅ አያደምቅም ስልህ ኖሬ፣ የሰው ወርቅ እያየህ ዓይንህ ጠፋ።»

እሑድ ሆነ። የሸንኮራ ማሳ የሚቃጠልበት ወቅት ስለነበር ጥቁር አመድ እንደ ላባ እየወረደ በነጩ ማልያ ላይ ያርፍ ነበር። ሜዳው ጢም ብሏል። ዘይት ላይ የሚጠበሰው የፓስቴል ሽታ፣ የሸንኮራ መጭመቂያው ጩኸት፣ የማርሽ ባንዱ ከበሮ አንድ ላይ ተቀላቅሏል። ሊንዶማር በመጀመሪያው አጋማሽ ብዙ አልሮጠም፤ ቢሆንም ኳስ በነካ ቁጥር ሰው ይነሣለታል።

በሁለተኛው አጋማሽ አዴሚልሶን ገባ። ጭብጨባ ነበረ፤ ግን አንድ ጎረቤት መንገድ ሲሻገር የሚሰጠው ሰላምታ ያህል ነው። ማሪልዳ ከእናቷ አጠገብ አስር ቁጥሯን ለብሳ መቀመጫው ላይ ቆማለች።

ኳሷ እንደታቀደው ለሊንዶማር ደረሰች። አንዱ ተከላካይ በሞኙ ጎን ወደቀ። ሁለተኛው ደንግጦ የቆመ መሰለ። የቀረው አዴሚልሶን ብቻ ነው። ማሪልዳ «ክርስትና አባቴ! ክርስትና አባቴ!» እያለች ከሁሉ በላይ ስትጮኽ ድምጿ ሜዳው ውስጥ ይሰማል።

ሊንዶማር ትከሻውን ወደ ግራ ሰበቀ። ያቺን አብዶ ዓለም በቴሌቪዥን ነው ያወቃት። አዴሚልሶን ግን ስትፈለሰፍ ነበረ፤ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ በእሱ ላይ እየተሞከረች ነው ያደገችው። ትከሻው ወደ ግራ ሲሄድ ኳሷ በቀኝ እንደምትወጣ፣ ከመውጣቷ በፊትም አንድ አፍታ ብቻዋን እንደምትቀር ያውቃል። በዚያች አፍታ ተንሸራተተ። ኳሷን ብቻ፣ ንጹህ አድርጎ፣ ሰው ሳይነካ ወሰዳት። ሊንዶማር ባዶ አየር ረግጦ በሆዱ ተዘረጋ።

ከዚያ ጩኸቱ መጣ፤ በእኛ ከተማ ለዳኛ እንኳ እንደዚያ ተጮኾ አያውቅም።

ዳኛው ዲርሴው የመድኃኒት ቤቱ ሰውዬ ነው። ብልህ ነው፤ ወዲያው ፊሽካውን ነፍቶ ፍፁም ቅጣት ምት ሰጠ። በዓሉን አዳነው ስንል፣ አዴሚልሶን ኳሷን አቅፎ መጣበት።

«ኳሷን ነው የነካሁት!»

«አይቻለሁ አዴሚልሶን። ንጹህ ነው» አለ ዲርሴው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አሁን ኳሷን አስቀምጥና ሰውዬው ያግባ።»

«ንጹህ ከሆነ ቅጣቱ ምንድነው?»

«በሰው ልደት ሻማውን አንተ እፍ አትልም!»

«አየህ ወይስ አላየህም? አየሁ በል! ጮክ ብለህ በል!»

«አዴሚልሶን፣ ለእግዜር ብለህ... ስጠኝ ኳሷን።»

«አልሰጥም!»

ዲርሴው እጁን ኪሱ ከተተ። ቀይ ካርድ አወጣ። በስንብት ጨዋታ ቀይ ካርድ ሲወጣ ያየነው ያን ቀን ነው፤ ከጩኸቱ ይልቅ ያሳመመው ሳቁ ነበር። ሰው ሆዱን ይዞ ሳቀ። አዴሚልሶን ኳሷን መሬት ላይ አስቀመጠና እያነከሰ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ዳቦ ቤት ውስጥ ክርክሩ ብዙ ነው። «እግሩ ነው እንጂ እሱ አይደለም፤ ዕድሜውን ሙሉ ሲቀማ የኖረ እግር በዓል አያውቅም» የሚሉ አሉ። ይህን ምክንያት እኔም ወድጄለት ነበርና አንድ ቀን ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ። «በእግሬ አታመካኙ» አለኝ። «ልጄን ሰማኋት፣ ከዚያ ወሰድኩበት። አውቄ ነው።»

መልበሻ ክፍል ብቻውን ተቀምጦ የግቡን ሆታ በግድግዳው በኩል ሰማ። ኢቮኔቺ ተከትላው መጥታ በሩ ላይ ቆማለች፤ ትስደበው ታጽናናው ግራ ገብቷታል። የዚያን ክፍል ነገር ያወቅነው ከእሷ ነው። ብዙም ሳይቆይ ሊንዶማር ማልያውን አውልቆ፣ ፊቱ በእንባና በአመድ ተዥጎርጉሮ ገባ።

«በእኔ ቀን?» አለው። «ልጆቼ ባሕር ተሻግረው መጥተው፣ በእኔ ቀን?»

አዴሚልሶን ታኬታውን ከመፍታት ቀና አላለም።

«ሴኡ አርዤሚሮ ዛሬ ጠዋት ወንበሩን ሰጥተውኛል» አለ ሊንዶማር።

«ከተማው ሁሉ ያውቃል።»

«የማታውቀው መልሴን ነው። ማይክራፎኑ ላይ ወጥቼ ‹እኔ አይደለሁም፤ ለአበልጄ ስጡት› ልላቸው ነበር። በሕዝብ ፊት እምቢ እንዳይሉኝ ብዬ። ከሰዓቱ ይልቅ ስጦታዬ እሱ ነበር።»

ኢቮኔቺ ይህን ስትሰማ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ይቅርታ ይጠይቃል ብላ ጠበቀች። አዴሚልሶን ግን ብድግ አለ።

«ስጦታ? ቡድኑን ያወጣሁት እኔ፣ ወንበሩን የምትሰጠኝ አንተ?»

«ሰው ሲሰጡት እሺ ይላል! ምን ሆነሃል?»

«አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ሊንዶማር። ያን ሁሉ ዘመን ሬዲዮው አፍህ ላይ ማይክ ሲደቅን፣ አንድ ቀን ‹ኳሷ ከአዴሚልሶን ነው የመጣችው› ብለሃል?»

ሊንዶማር አሰበ። ከልቡ ነው ያሰበው፤ ኢቮኔቺ ይህን አልካደችውም።

«ማንም አልጠየቀኝም» አለ በመጨረሻ።

«እንግዲያው አሁንም ማንም አልጠየቀህም። ስለ እኔ አትለምን።»

«እሺ። ካልፈለግክ እኔ እወስደዋለሁ» አለ ሊንዶማር ፊቱን በክንዱ እየጠረገ። «ጫማዬን ሰቅዬ ቤት ተቀምጬ ምን ልሠራ? ሚስቴ ልብስ ስታጥፍ ልቁጠር? እወስደዋለሁ። ምክትል ግን ያስፈልገኛል። ትሆነኛለህ?»

«አልሆንም።»

ሊንዶማር ወጣ። ማይክራፎኑ ላይም «እቀበላለሁ» አለ፤ ርችት ተተኮሰ። ሴኡ አርዤሚሮ በመልበሻው በር ሲያልፉ አዴሚልሶንን ትከሻውን ነክተው «የሰው በዓል ታበላሻለህ እንዴ ልጄ?» አሉት፤ ለመልሱም አልቆሙም።

ኢቮኔቺ ለሳምንታት አኮረፈችው። «ወንበሩ እግሩ ሥር መጥቶ በታኬታ ረገጠው» ትል ነበር ለመጣው ሁሉ። እሱ ግን ከጎረቤታችን ከተማ ከሞሮ አልቶ ተጠራ። ትንሽ ክለብ ነው፤ ሜዳቸው ላይ በሥራ ቀን ፍየል ይግጣል። «አበልጁን ያልማረ ሰውዬ ማንን ይምራል?» ብለው ነው የወሰዱት አሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ጊዜያዊ ሳይሆን የዓመት አሰልጣኝ ሆነ። ጠዋት በአውቶቡስ ይሄዳል፣ ከሰዓት ይመለሳል፤ እዚያ የፍየሎቹ ባለቤት እንኳ ፕሮፌሰር ይለዋል።

ይሻለው ይሆን ብለን ነበር። ቅናት ግን አውቶቡስ ስለተሳፈሩ አይቀርም። ማሪልዳ አስር ቁጥሯን አላወለቀችም። ኡኒያዎ ሲጫወት አዴሚልሶን ከቤት ይወጣና ውጤቱን ከእኛ ይጠይቃል፤ አሸነፈ ካልነው «ግቡ ከጨዋታ ውጪ አልነበረም?» ይላል፤ ተሸነፈ ካልነው የዳቦውን መልስ ሳይቀበል ይሄዳል።

በዓመቱ አጋማሽ ላይ ኡኒያዎ መሸነፍ ጀመረ። ተሸነፈ፣ ደግሞ ተሸነፈ። ሴኡ አርዤሚሮ ሬዲዮ ላይ ወጥተው ከሊንዶማር ጋር «በስምምነት ተለያይተናል» አሉ። እስከዚያ ቀን የሊንዶማርን ስም እያለቀሰ ይጠራ የነበረው ፀጉር ቤት «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ብሎ ሲስቅበት ዋለ። በዚያው ቀን ምሳ ላይ የአዴሚልሶን ስልክ ጮኸ።

«ልጄ፣ ያለፈው አልፏል» አሉ ሴኡ አርዤሚሮ። «ቤትህ ነው፣ ና።»

«እንደ ምን ሆኜ ልምጣ?»

«እንደ ድሮው ነዋ። ሰው እስክናገኝ።»

ኢቮኔቺ ማንኪያዋን ይዛ ቀረች። አዴሚልሶን መስኮቱን አየ፣ ልጁን አየ።

«ሴኡ አርዤሚሮ፣ አመሰግናለሁ። ሥራ ላይ ነኝ» ብሎ ስልኩን ዘጋ።

«ጎበዝ!» ብላ ግንባሩን ሳመችው ኢቮኔቺ። ሩዝ ጨመረችለት። እሱ ግን ሹካውን እንደያዘ ቀረ።

«ማንን ያስቀምጡ ይሆን?»

«ማንንም ያስቀምጡ፣ ምን አገባህ?»

«የልጆቹን አሰላለፍ የሚያውቀው የለማ። ግራ መስመሩ ላይ ያለው ልጅ ካልጮኹበት ይተኛል...»

«ብላ አዴሚልሶን።»

በላ። ክለቡ ማልያ አጣቢውን፣ ሁላችንም የምናውቀውን አንድ ዝምተኛ ሰውዬ በጊዜያዊነት አስቀመጠ። እሑድ ደረሰና ኡኒያዎ ሁለት ለባዶ አሸነፈ፤ ግራ መስመሩ ላይ ያለው ልጅ ሁለቱንም አገባ። ወሬውን ይዤ የሄድኩት እኔ ነበርኩ። አዴሚልሶን በር ላይ ቆሞ እስክጨርስ ሰማኝ።

«ዕድለኛ ነው» አለ ስለ ማልያ አጣቢው፤ በሩንም ዘጋብኝ።